ከአሞሌ እስከ ኩላሊት እጥበት



ባለፈው ወር ለአንድ ልጅ መዋጮ ስንሰበስብ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። "ልጅ" የምለው ስላስተማርኩት ነው እንጂ አርባዎቹን አጋምሷል፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። ስሜን አትጥራ ስላለኝ አልጠራውም። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። አሁን አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ በሳምንት ሦስት ቀን ይታጠባል። ልጠይቀው ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩና "ለመሆኑ መቼ ጀመረህ?" አልኩት።

"ቲቸር፣ አልጀመረኝም እኮ" አለኝ። "ምንም አላመመኝም ነበር። ግፊቴን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለካሁት ኩላሊትህ አልቋል በተባልኩበት ቀን ነው።"

ይሄ መልስ እንቅልፍ ነሳኝ። አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ክንዱን አስሮ አልለካውም ማለት ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ታሪክ ነው። ታሪክ አስተማሪ ደግሞ "ለምን?" ሲባል ወደኋላ መቆፈር ይቀናዋል። ስለዚህ ዛሬ የኩላሊትን ነገር በማውቀው መንገድ ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡና አፍሉበት። ቡናው ላይ ጨው ይግባ አይግባ ግን መጀመሪያ እንነጋገር።

ከጨው ልጀምር። ክፍል ውስጥ ስለ አሞሌ ስናወራ ትስቁ እንደነበር አልረሳም፤ "ድንጋይ ገንዘብ ይሆናል እንዴ?" ትሉ ነበር። ይሆናል። ከአፋር በረሃ እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ ወደ መሃል አገር የሚመጣው የጨው ጡብ ለብዙ መቶ ዓመታት ገንዘባችን ነበር። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየናረ ስለሚሄድ ወደ ደቡብ ገበያዎች ሲደርስ ውድ ዕቃ ነው። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. በስማቸው ብር ካስቀረጹ በኋላም አሞሌ ከገጠር ገበያ ቶሎ አልወጣም። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርተ ዓመታት ድረስ ሲገዛበትና ሲሸጥበት ኖሯል።

አሁን አስቡት፣ ገንዘቡን ወጥ ውስጥ እንደልቡ የሚበትን ሰው አለ? የለም። እየቆጠበ፣ እየቆነጠረ ነው የሚጠቀመው። በእኛም አገር ቡና በቅቤና በጨው መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። እናቶቻችን ግን ያን ጨው በሁለት ጣት ነበር የሚያነሱት። ቆጮውም ቢሆን ጨው ብዙ የሚፈልግ ምግብ አይደለም። ጎመኑ፣ አይቤው፣ ሁሉም ጨው ውድ በነበረበት ዘመን የተሠራ ገበታ ነው።

ከዚያ ጨው ረከሰ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪነሳ ድረስ በብዛት ከቀይ ባሕር ዳርቻ ይመጣልን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አፍዴራ ተተካ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ለእንቅርት መከላከያ በጣም ጥሩ ነገር ነው። ግን አዮዲን አለው ማለት እንደልብ ይበላ ማለት አይደለም። ጣታችን ተቀየረ፣ ቆንጠር ማድረግ ቀርቶ በማንኪያ ሆነ። በርበሬው ውስጥ ጨው አለ፣ ሚጥሚጣው ውስጥ ጨው አለ፣ ወጡ ሲሠራ ይጨመራል፣ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ገበታ ላይ ሳይቀምስ ይነሰንስበታል። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገ ጥናት አንድ አዋቂ ኢትዮጵያዊ በቀን በአማካይ 8 ግራም ከፍ ያለ ጨው እንደሚበላ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ለጥ ብሎ ማለት ነው፣ የቀኑ ሁሉ ተደምሮ።

ጨውና ኩላሊት ምን ያገናኛቸዋል ለምትሉ፣ ሐኪሞቹ ያስረዱኝን ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ረቂቅ ማጣሪያ አለ። ሁለቱ ተጋግዘው በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደማችን ያጣራሉ። አብዛኛውን መልሰው ወደ ሰውነት ያስገቡና አንድ ሁለት ሊትሩን ብቻ ሽንት አድርገው ያወጡታል። ጨው ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ ግፊት ከፍ ይላል። ግፊቱ እነዚያን ቀጫጭን ማጣሪያዎች ዓመት ሙሉ ሲደበድባቸው ይጠባሳሉ። የጠባሰ ማጣሪያ ተመልሶ አይበቅልም። የቀሩት የእሱን ሥራ ደርበው ስለሚሠሩ ግን ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። አብዛኛው እስኪያልቅ ድረስ ዝም ነው። "አልጀመረኝም እኮ" ያለኝ ልጅ እውነቱን ነው፤ ጀምሮት ነበር፣ አልነገረውም እንጂ።

ሁለተኛው ነገር መንገድ ነው። ይሄን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ነገርኳችሁ! በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች ተሰብስበው፣ ከጠላውም ከሱቁም ከሊስትሮውም ሳንቲም አዋጥተው፣ ከአለምገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ሶዶ የሚወርደውን መንገድ ያሠሩትን። መንግሥት እስኪሠራልን አንጠብቅም ብለው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ቀናት በእግሩ ይሄድ ነበር፣ ኮቾሮ ቋጥሮ።

መንገዱ በረከት ነው፣ አልክድም። እኔም የተማርኩት በእሱ ነው። ግን ነገር ሁሉ ሁለት ፊት አለው። ዛሬ ወልቂጤ ከመናኸሪያ ገበያ ለመድረስ ባጃጅ እንይዛለን። አባቶቻችን በእግር የሄዱትን ርቀት ተውት፣ ለሦስት መቶ ሜትር "ባጃጅ!" ብለን እንጣራለን። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ቁጭ፣ ማታ ክትፎ ቤት ቁጭ። ስኳርና ግፊት በዚህ መንገድ ገቡብን። ኩላሊትን በብዛት የሚጨርሱት ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ሦስተኛው ነገር ቡታጅራን የዓለም ስም ያደረጋት ነው። አብዛኞቻችሁ የቡታጅራ ልጆች ሆናችሁ አታውቁትም። በ1979 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ከስዊድኑ ኡመዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም የሚባል ሥራ ጀመረ። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጠው፣ 28 ሺህ ያህል ሕዝብ ቤት ለቤት ቆጠሩ። ከዚያም መዝጋቢዎቹ እየተመላለሱ "ማን ተወለደ? ማን ሞተ? ማን አገባ? ማን ለቆ ሄደ?" እያሉ ጠየቁ። ይሄ ለአሥርተ ዓመታት ቀጠለ። በአገራችን እንዲህ ያለ ሥራ የመጀመሪያው ነው።

መጀመሪያ ላይ የሚታየው የሕፃናት ሞት ነበር፤ ሳምባ ምች፣ ተቅማጥ፣ ወባ። ጥያቄው ሁሉ "ልጆቻችን ለምን አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ?" ነበር። ስንት ዶክተርና ተመራማሪ የወጣው ከዚያ ደብተር ነው። ኋላ ደግሞ ልጆቹ መትረፍ ሲጀምሩ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ የተረፉት አዋቂዎች ምን ይሆናሉ? የአእምሮ ሕመም ተጠና። ጫት ተጠና። ግፊት ተጠና።

የጫቱን ነገር ሳልነካው ላልፍ አስቤ ነበር፤ ብዙ ዘመድ ያስቀይመኛል። ግን የታሪክ ሰው ነኝ ካልኩ መዝለል የለብኝም። በ1980ዎቹ ቡታጅራ ላይ ከአሥር ሺህ በላይ አዋቂዎች ተጠይቀው ግማሽ ያህሉ በጊዜው ጫት የሚቅሙ ሆነው ተገኙ። በ2002 ዓ.ም. የታተመ ሌላ የቡታጅራ ጥናት ደግሞ ዘወትር የሚቅሙትን ከማይቅሙት ጋር አነጻጸረ። የሚቅሙት ዘንድ ከፍተኛ ግፊት በዛ ብሎ ተገኘ፤ በተለይ የታችኛው የግፊት ቁጥር ከፍ ያለ ነበር። አንድ ጥናት ሁሉን ይወስናል አልልም። ጫቱ ብቻውን ሳይሆን አብሮት የሚመጣው ለስላሳ፣ ሲጋራ፣ እንቅልፍ ማጣትና ቀኑን ሙሉ ቁጭ ማለትም አለ። ጫት ኑሯችን እንደሆነ፣ የስንት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ከእሱ እንደሚወጣ አውቃለሁ። የሚሸጠው ይሽጥ። የሚቅም ግን ቢያንስ ግፊቱን ይለካ።

አዲስ አበባ ያላችሁትንም አልረሳኋችሁም። ከዚሁ ጥናት ቤት የወጡ ተመራማሪዎች አዲስ አበባ ላይ ለክተው ከመቶ አዋቂዎች 30 ያህሉ ከፍተኛ ግፊት እንዳለባቸው ጽፈዋል። አብዛኞቹ ደግሞ አያውቁም ነበር። መርካቶ ሱቅ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የምትቀመጡ ልጆቼ፣ ይሄ ስለ እናንተ ነው።

አራተኛው ነገር "ኩላሊቴን ብርድ መታኝ" የምንለው ነው። ይሄ አባባል ስንቱን እንደጎዳ! ወገባችንን ሲያመን ኩላሊት ነው። ሽንት ሲያቃጥለን ኩላሊት ነው። ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠን ብንነሳ ኩላሊት ነው። ከዚያ ፋርማሲ ሄደን "የኩላሊት መድኃኒት ስጠኝ" እንላለን። ኩላሊቱ በእውነት ሲጎዳ ግን ብዙ ጊዜ ወገብ አያምም። የወገብ ሕመም በብዛት የጡንቻና የአጥንት ነው። እኛ ግን ላልታመመው ኩላሊት ብለን የምንውጠው ማስታገሻ፣ እሱ ነው ኩላሊቱን የሚያሳምመው።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ዳይክሎፌናክ እየገዛሁ ዓመታት ዋጥኩ። ማንም ሐኪም አላዘዘልኝም። እኔው ለራሴ አዘዝኩ። ጧት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ብርድ ሲሆን ደግሞ መርፌውን። ያ ልጅ ከታመመ በኋላ ደንግጬ ሄጄ ተለካሁ። 160 በ100። የደም ምርመራው ላይ ክሬቲኒን የሚሉት ቁጥር ከልኩ ትንሽ አለፍ ብሏል። ሐኪሟ፣ ልጄ የምትሆን ናት፣ "አባባ፣ ስንት ዓመት ዋጡት?" ብላ ጠየቀችኝ። ቆጥሬ መመለስ አቃተኝ። ዳይክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም እንደሚቀንሱ፣ ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ጭራሽ እንደሚብሱ አስረዳችኝ። አቆምኩ። ጉልበቴን አሁንም ያመኛል፤ በፓራሲታሞልና በእግር ጉዞ እየቻልኩት ነው። ቁጥሩ ወደ ልኩ እየተጠጋ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ልጅ የሚለየኝ ጎበዝነቴ አይደለም፤ እሱ መታመሙ እኔን ስላስደነገጠኝ ብቻ ነው።

የባህል መድኃኒቱም እንደዚሁ ነው። ገብስ ውሃና ተልባ የሚጎዳው ጤነኛ ሰው የለም። ግን "ለኩላሊት" ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጥ፣ ምን ሥር ምን ቅጠል እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ስታገኙ ራቁ። ያንንም ማጣራት ያለበት ያው የታመመው ኩላሊት ነው።

አምስተኛው ነገር ሕክምናው ነው። መስከረም 2008 ዓ.ም. ላይ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ተከፍቶ በአገራችን የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ ተደረገ። ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር ሆነው ነው። ከዚያ በፊት ያለው ምርጫ ገንዘብ ካለህ ሕንድ፣ ከሌለህ እጥበት፣ ያም ከሌለህ ጸሎት ነበር። ትልቅ ታሪክ ነው፣ ልንኮራበት ይገባል። ግን ኩላሊቱን የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል፣ የሚስማማ ሆኖ መገኘት አለበት፣ ከዚያ በኋላም ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መድኃኒት አለ። እጥበቱ ደግሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ መዋል ነው። ከወልቂጤ አዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አያቶቻችን ሳንቲም አዋጥተው መንገድ ሠሩ፤ እኛ ደግሞ ሰው በመንገድ እየተመላለሰ እንዲታጠብ እናዋጣለን። ማዋጣታችን ጥሩ ነው፣ አላቆምም፣ እናንተም አታቁሙ። ግን ለአንድ ሰው የአንድ ወር እጥበት ያዋጣነው ብር ስንት የግፊት መለኪያ ይገዛ ነበር ብዬ አስባለሁ።

አንድ ነገር ይቀረኛል፣ ውሃ። ሁሉም የኩላሊት ምክር "ውሃ ጠጡ" ይላል። ትክክል ነው፤ ውሃ የማይጠጣ ሰው በተለይ ለኩላሊት ጠጠር ይጋለጣል። በግቤ ሸለቆ ሙቀት ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ የሚውል ሰው ደግሞ ከሌላው የበለጠ ያስፈልገዋል። ግን ይሄን ምክር ወልቂጤ ላይ ቆሜ ስሰጥ አፌን ይይዘኛል። ይቺ ከተማ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ውሃ ጠፋብን ብላ አደባባይ ወጥታ የሰው ሕይወት የጠፋባት ከተማ ናት። ስለዚህ ውሃ መጠጣት የግል ልማድ ብቻ አይደለም። ቧንቧው ሲደርቅ ኩላሊትም ይደርቃል። ቦርሳችሁ ውስጥ ውሃ መያዝ ልመዱ፣ የቧንቧውን ጥያቄም አትተዉ። ልኩን ለማወቅ ብርጭቆ መቁጠር አያስፈልግም። የሽንታችሁን ቀለም እዩ፤ ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው፣ እንደ ሻይ ከጠቆረ ጠጡ። ጠጥታችሁም ካልነጣ፣ ወይ ፊትና እግር ካበጠ፣ ወደ ሐኪም። ኩላሊቱ ቀድሞ የደከመ ሰው ግን ውሃውን ሐኪሙ በሚለው ልክ ነው የሚጠጣው፣ ማብዛት ይጎዳዋል።

ልጆችንም አትርሱ። የጉሮሮ ቁስልና የቆዳ ቁስል ዳነ ተብሎ ሲተው፣ አንዳንድ ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የልጁ ፊት ያብጥና ሽንቱ ኮካ ይመስላል። ያ ኩላሊት ነው። ጉሮሮው የታመመ ልጅ እንጥል አስቆርጡት ሲሏችሁ እሺ አትበሉ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ምን ይዘን እንውጣ? ብዙ አልላችሁም።

ጨውን እንደ አሞሌ ቁጠሩት። ጨው ገበታ ላይ አታስቀምጡ። ቡናችሁን በጨው የምትወዱ ከሆነ እንደ እናቶቻችን በሁለት ጣት፣ ከተቻለ ደግሞ እርሱት።

ለሦስት መቶ ሜትር ባጃጅ አትያዙ።

ሐኪም ያላዘዘውን ማስታገሻ በየቀኑ አትዋጡ።

ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ መድኃኒቱን "አሁን ደህና ነኝ" ብላችሁ አታቁሙ። ደህና የሆናችሁት ስለምትውጡት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ሽንትና ክሬቲኒን አስመርምሩ።

ከሁሉም በላይ ተለኩ። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተደጋገመ ቀልድ አይደለም። የቡታጅራ ሰው በሩን ከፍቶ "ማን ሞተብህ?" ለሚል መዝጋቢ ዓመታት መልስ ሲሰጥ የኖረ ሰው ነው። እሱ ባይቆጠር ኖሮ ልጆቻችን በምን እንደሚሞቱ አናውቅም ነበር። አሁን ደግሞ የእኛ ተራ ነው፣ ክንዳችንን እንዘርጋ።

የመጨረሻ ልመናዬ ይቺ ናት። ለመስቀል ሁላችሁም አገር ቤት ትገባላችሁ። ለእናት ሻማ፣ ለአባት ጋቢ፣ ለቤቱ ሥጋ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ዘንድሮ ከዚያ ሁሉ ጋር አንድ የግፊት መለኪያ ጨምሩ። በሬው ከመታረዱ በፊት አባታችሁን፣ እናታችሁን፣ አጎታችሁን አስቀምጣችሁ ለኩ። ጎረቤትም ይምጣ። ክትፎው አይሸሽም፣ ይደርሳል።

ያ ልጅ ዛሬም ማሽን ላይ ነው። ይሄን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት አነበብኩለት። "ቲቸር፣ እኔን ያልለካኝ ሰው እንዳለ አትጻፍ፤ እኔ ነኝ ያልተለካሁት ብለህ ጻፍ" አለኝ። እኔ ግን ሁለታችንም ነን ብዬ ጽፌዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ አድዋና ስለ አሞሌ ስነግረው፣ አንድ ቀን እንኳ "ጤናህን ተመርምረህ ታውቃለህ?" አላልኩትም።

እናንተን ግን ጠየቅኳችሁ። መቼ ነው የተለካችሁት?

ሰላም ሁኑልኝ።